ባቡሩ እሳት ያዘንብ ነበር

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጥቀርሻ ነው። አዎ፣ ጥቀርሻ! የማድ ቤት ጣራ ላይ ስለሚንጠለጠለው ሳይሆን፣ የድሮው የእንፋሎት ባቡር ሲተፋው ስለነበረው። ዓይን ውስጥ ገብቶ ስለሚቆረቁረው፣ ጥርስ መሃል ስለሚንቀጫቀጨው፣ ነጭ ልብስ ስለሚያበላሸው። "ይቺ ልጅ ዛሬስ ርዕስ አልቆባታል" የምትሉ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። ግን ጉዳዩ ከአያቴ ጋር ያለብኝ የቆየ ዕዳ ስለሆነ ታገሱኝ።

ነገሩ የተጀመረው የጋዜጠኝነት ተማሪ ሳለሁ፣ የመጨረሻው ዓመት ላይ ነው። አንድ በዕድሜ የገፋ ሰው አነጋግረን ታሪኩን እንድንጽፍ ታዘዝን። የክፍሌ ልጆች ጡረታ የወጣ ኮሎኔል፣ የተረሳ ዘፋኝ ፍለጋ ከተማውን ሲያስሱ፣ እኔ ሰነፏ ሳሎናችን ውስጥ የተቀመጠችውን አያቴን መረጥኩ። ስልኬን መቅጃው ላይ አድርጌ ፊቷ አስቀመጥኩና "በይ እማማ፣ አውሪኝ" አልኳት።

አያቴ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ድሬዳዋ ደግሞ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ባይደርስ ኖሮ ከተማዋም ባልኖረች። አዲስ አበባ ለመግባት ግን ሌላ 15 ዓመት ፈጅቶበታል። በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ብረቶች መሃል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ የሆነ ጠባብ ሐዲድ። አያቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእሱ ላይ የተጓዘችው ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ነው። ከእናቷ ጋር አዲስ አበባ ለአክስቷ ሰርግ መሄዳቸው ነበር።

ድምፁ አሁንም ስልኬ ላይ ስላለ ያለችውን እንዳለ ልገልብጠው።

"አዋሽ አደርን። በነጋታው ዳገቱን ሲጀምር ባቡሩ ማቃሰት ያዘ። መስኮቱን እንዳንዘጋ ሙቀቱ ሊገድለን ነው። ስንከፍተው ደግሞ አሸዋ! አሸዋ ነው የምልሽ፣ ጥቁር አሸዋ። እዚህ ጥርሴ ውስጥ ሳይቀር። አንዱ ዓይኔ ገብቶ አላስቀምጠኝ ሲል እናቴ የነጠላዋን ጫፍ እፍ እፍ እያለች በትንፋሿ አሙቃ ያዘችልኝ። መሸት ሲል፣ ከአቃቂ ወዲህ፣ ያ ባቡር እሳት ያዘንብ ጀመር። እንደ በረዶ ቀይ ቀይ እሳት! ከዚያማ የእናቴ ነጠላ..."

እዚህ ጋ የእኔ ድምፅ ይሰማል።

"እማማ፣ የእንፋሎት ባቡር እኮ ነው! እንፋሎት ደግሞ ውሃ ነው። ውሃ እንዴት አድርጎ እሳት ያዘንባል?"

በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። በዚያው ሰሞን ያነበብኩትን ማሳየት ነበረብኛ! "ባቡር" የሚለው ቃላችን ራሱ "እንፋሎት" ማለት እንደሆነ፣ አውሮፓውያኑ "ቫፔር"፣ "ቫፖሬ" የሚሉት በዓረብኛ በኩል ዞሮ፣ "ባቡር" ሆኖ እኛ ጋ እንደደረሰ አስተማርኳት። ዕድሜዋን ሙሉ "ባቡር" ስትል የኖረችን ሴት! እሷም ጥቂት ዝም አለችና፣

"እሺ የኔ ልጅ። አንቺ ነሽ የተማርሽው" አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ቅጂ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ሰርጉ ጥሩ ነበር። ምግቡ ጥሩ ነበር። አዲስ አበባ ብርድ ነበር። አለቀ። እኔም "እሳት ያዘንብ ነበር" የሚለውን "ማጋነን" ብዬ ሰርዤ፣ የቀረውን ጽፌ አስገባሁ። ጥሩ ውጤትም አገኘሁ፣ ይባስ ብሎ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ለበዓል እቤት ነበርኩ፣ ቡና እያፈላሁ። ከሰሉ አልያዝ ብሎኝ በካርቶን ቁራጭ ማራገብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀስ ብዬ፣ ከዚያ እልህ ይዞኝ በኃይል። አመዱ ፊቴ ላይ ቦነነ፣ ከፍሙ መሃል ፍንጣሪዎች ተነስተው ተበተኑ፣ አንዱ መጥቶ ነጠላዬ ላይ አረፈ። አያቴ ከወንበሯ ሆና "ቀስ በይ እንጂ! ነጠላሽን!" አለችኝ። ሳራግፈው ጠርዟ የጠቆረ፣ የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ቀርታለች።

ቀዳዳዋን እያየሁ ቆየሁ። "ከዚያማ የእናቴ ነጠላ..."

የዚያን ቀን ማታ ስለ እንፋሎት ባቡር ማንበብ ጀመርኩ፤ ከዚያም ለሳምንታት አልተውኩትም። ያገኘሁትን በራሴ አማርኛ ላውጋችሁ። መሐንዲስ አንባቢዎቼ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከባቡሩ ጭስ ማውጫ አናት የሚወጣው አንድ ነገር አይደለም፣ ሁለት ነው። አንዱ እንፋሎቱ ነው። ከውሃ ማፍያው ተነስቶ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፣ ፒስተኑን ይገፋል፣ ሥራውን ሲጨርስ ይወጣል። ቀዝቀዝ ሲል ነጭ ደመና የሚሠራው እሱ ነው። ሌላው ውሃውን የሚያፈላው የእሳት ጭስ ነው። እኔ ጀበናውን አይቼ ምድጃውን ረሳሁት ማለት ነው። ውሃ እሳት አያዘንብም፣ ልክ ነኝ። ውሃውን የሚያፈላው ግን ምን መሰላችሁ?

ግን ተራ ምድጃ እንዲህ እሳት አይረጭም። የባቡሩን ምን ለየው? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የጣፈጠኝ። እሳት አየር ይፈልጋል፣ ብዙ እሳት ብዙ አየር። ፋብሪካ ከሆነ ረጅም ጭስ ማውጫ ትሠራለታለህ፣ የሞቀው ጭስ ወደ ላይ ሲወጣ ከታች አየር ይስባል። ባቡር ግን በድልድይ ሥርና በዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ ጭስ ማውጫው አጭር መሆን አለበት። አጭር ጭስ ማውጫ ደግሞ የመሳብ አቅም የለውም። መፍትሔው ያገለገለውን እንፋሎት ዝም ብሎ አለመልቀቅ ሆነ። ከጭስ ማውጫው ሥር በተቀመጠች ጠባብ አፍ በኩል ወደ ላይ ይተኮሳል። ሲተኮስ ጭሱን እየጎተተ ይወጣል፣ ከበስተኋላው ክፍት ቦታ ይፈጠራል፣ ያንን ለመሙላት አየር ከእሳቱ ሥር በፍርግርጉ በኩል እየተሳበ ይገባል። ሪቻርድ ትሬቪቲክ እ.ኤ.አ. በ1804 ዌልስ ውስጥ ባሄደው ባቡር ላይ እንፋሎቱን ወደ ጭስ ማውጫው ሲመልሰው እሳቱ እንደሚጠነክር አስተውሎ ነበር። እነ ስቲቨንሰን በ1829 በሠሩት "ሮኬት" ላይም ይኸው ነገር አለ። "ቹፍ፣ ቹፍ" የሚለው የታወቀ ድምፅ የዚህ ትንፋሽ ድምፅ ነው።

በቀላል አማርኛ፣ ባቡሩ በገዛ ትንፋሹ የገዛ እሳቱን ያራግባል! ፒስተኖቹ በተመላለሱ ቁጥር አንድ ማራገቢያ። ከበድ ያለ ነገር ሲጎትት ብዙ እንፋሎት ይጨርሳል፣ ብዙ እንፋሎት ሲተፋ በኃይል ያራግባል፣ በኃይል ሲያራግብ እሳቱ ይበልጥ ይነዳል። ማንም ሳያዘው እንደ ሥራው ክብደት እሳቱን የሚያስተካክል ማሽን። ይህ ብልሃት ባይኖር ባቡር ከሰው እርምጃ ብዙም ባልፈጠነ ነበር።

ዋጋው ግን አያቴ ዓይን ውስጥ የገባው ነገር ነው።

ከሰል ሲያራግብ ያደገ ሰው ይሄን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም ነበር። አየሩ በኃይል ሲሳብ ደቃቁን የድንጋይ ከሰል ነድዶ ሳያልቅ ከፍሙ ላይ አንስቶ ይወስደዋል። ከዚያ ውሃው መሃል በሚያልፉ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይነዳዋል። የቱቦዎቹ ግድግዳ በውሃው የተነሳ ከእሳቱ ጋር ሲነጻጸር ቀዝቃዛ ነው፤ ነበልባሉ እዚያ ሲደርስ ይጠፋል። ጉዞው በጣም አጭር ጊዜ ነው የሚወስደው፤ ቁራጯ ነድዳ የምትጨርስበት ጊዜም ቦታም አታገኝም። ስለዚህ ገና እየጋለች፣ ወይም ግማሽ ጠቁራ፣ በጭስ ማውጫው ተተኩሳ ትወጣለች። ከባድ ዳገት ላይ እሳት አንዳጁ በአካፋ ከሚጨምረው ከሰል ቀላል የማይባለው ክፍል ሙቀቱን ሳይሰጥ በዚህ መንገድ አየር ላይ ይበተን ነበር። አካፋ ይዞ ሲንበረከክና ሲነሳ የሚውለውን ያን ሰው አስቡት። ከድካሙ ከፊሉ የተሳፋሪ ፀጉር ላይ ነው የሚያርፈው።

አያቴ "ጥቁር አሸዋ" ያለችው እንግዲህ ይኼ ነው፤ በግማሽ የነደደ ከሰል፣ ከማይነድደው የድንጋዩ አመድ ጋር ተቀላቅሎ። ጥቀርሻው ሌላ ነው፣ ከዚያ በጣም የላመ። አዲስ ከሰል እሳቱ ላይ ሲጣል መጀመሪያ ጋዝ ያወጣል። ያ ጋዝ በቂ አየርና ሙቀት ካላገኘ ካርቦኑ ሳይነድድ ይቀርና ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። እርጥብ እንጨት የማገደ ያውቀዋል። ጎበዝ አንዳጅ ትንሽ ትንሽ እያደረገ ቶሎ ቶሎ ነው የሚጨምረው። ሰነፉ አንዴ ከምሮ ያርፋል፣ ባቡሩም ሰማዩን ያጠቁረዋል።

አሁን ካርታ አውጡ። አዋሽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባ ለገሃር ከ2,300 ሜትር በላይ። ከአዋሽ የተነሳ ባቡር 1,300 ሜትር ገደማ መቧጠጥ አለበት፣ ከአቃቂ በኋላም ዳገቱ አላለቀም። ባቡሩ ትንፋሽ እስኪያጥረው የሚያራግበው እዚያ ላይ ነው። ቀን ላይ ፍንጣሪው አይታይም፣ የሚታየው አሸዋው ነው። ሲመሽ ግን ያው ቁራጭ ቀይ ሆኖ ይታያል። የስምንት ዓመት ልጅ ያየችውን በቦታው፣ በሰዓቱ፣ በቅደም ተከተሉ ነበር የነገረችኝ። ዳገት፣ አሸዋ፣ ምሽት፣ እሳት። ከአንድ የዓይን ምስክር ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? ቁጭ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

መከላከያ አልተገኘለትም ወይ ካላችሁ፣ ገና ከመጀመሪያው ሲሞከር ነበር። ያ "ሮኬት" ያሸነፈበት የ1829ኙ የሬይንሂል ውድድር ደንብ ራሱ ባቡሩ የራሱን ጭስ የሚበላ እንዲሆን ያዛል። እንግሊዞቹ ለብዙ ዓመታት የተወጡት ኮክ በማንደድ ነው። ኮክ ማለት አስቀድሞ ተጠብሶ ጋዙ የወጣለት የድንጋይ ከሰል ነው። እኛ እንጨቱን አክስለን ቡናውን በከሰል እንደምናፈላው መሆኑ ነው። ግን ኮክ ውድ ነበር። በ1859 ገደማ ሚድላንድ በተባለው የእንግሊዝ ባቡር ኩባንያ እሳቱ ላይ የጡብ ቅስት መሥራት ተለመደ፤ ነበልባሉ ዞሮ እንዲሄድና ለመንደድ ጊዜ እንዲያገኝ። ያኔ ተራውን የድንጋይ ከሰል ብዙ ሳያጨሱ ማንደድ ተቻለ። ፍንጣሪውን ለመያዝ ደግሞ ጭሱ መንገድ ላይ ወንፊት አደረጉ። ወንፊቱ ጠበቅ ሲል ባቡሩ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሰፋ ሲል እሳቱ ያመልጣል። አሜሪካ ውስጥ እንጨት የሚያነድዱት ባቡሮች ያ እንደ ቀፎ ያበጠ ጭስ ማውጫ የነበራቸው ለማማር እንዳይመስላችሁ፣ ሆዱ ውስጥ የፍንጣሪ ማጥመጃ ነበር።

በነጭ ልብስ ጉዳይ ብቻዬን እንዳልሆንኩም አወቅኩ። አሜሪካ ውስጥ ላካዋና የሚባል የባቡር ኩባንያ ነበር። ባቡሮቹ አንትራሳይት የተባለውን ጠንካራና ጭሱ ትንሽ የሆነ ከሰል ያነድዱ ነበርና፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፊቢ ስኖው የምትባል ሴት ለማስታወቂያ ፈጠረ። ከእግር እስከ ራሷ ነጭ ለብሳ ትጓዛለች፣ ስትወርድም ነጭ እንደሆነች ናት። አስቡት፣ ሴት ልጅ ልብሷ ሳይቆሽሽ መድረሷ ራሱ የሚያስገርም ዜና ነበር! ዓይኔ ውስጥ የእናቷን ነጠላ የያዘች የስምንት ዓመት ልጅ መጣችብኝ። እነ አያቴ የተሳፈሩበት ፉርጎ ከባቡሩ ራስ ሁለተኛው ነበር፤ አሸዋው በብዛት የሚወርደው ፊት ፊት ባሉት ላይ ነው።

ደግሞ የድሮ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኮሎራዶ ውስጥ ዱራንጎ ከምትባል ከተማ እየተነሳ ቱሪስት የሚያመላልስ የእንፋሎት ባቡር አለ። በ2018 በዚያ አካባቢ የተነሳ ሰደድ እሳት ከ20,000 ሄክታር በላይ በላ። የአሜሪካ መንግሥት "ከባቡሩ የወጣ ፍንጣሪ ነው ያስነሳው" ብሎ ከሰሰ፣ ነገሩም በ2022 ኩባንያው 20 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል በመስማማቱ ተቋጨ። ባቡሮቹንም ከከሰል ወደ ዘይት አዙሯቸዋል። "ማጋነን" ብዬ ሰርዤ ነበር እኮ!

እኛ ጋ የናፍጣ ባቡር በ1950ዎቹ ገብቶ የእንፋሎቱን ቦታ ወሰደ። የናፍጣውም ዘመን አለፈ። በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ ጭስ ማውጫም የለው። ስሙ ብቻ እስከ ዛሬ "እንፋሎት" ነው። (ይቺን ለአያቴ ደግሜ አልነገርኳትም፣ አትፍሩ።)

ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። ቡናውን አቀራረብኩና "እማማ፣ ያኔ ባቡሩ እሳት ያዘንብ ነበር ያልሽኝ ትዝ ይልሻል?" አልኳት።

"አንቺ አላመንሽኝም" አለች። ረስታዋለች ብዬ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ስለ ትንፋሹ፣ ስለ ጠባቧ አፍ፣ ስለ ቱቦዎቹ፣ ስለ ዳገቱ ሁሉንም ነገርኳት። ከሰሉንም እያራገብኩ አሳየኋት። በጸጥታ ሰማችኝ። ስጨርስ፣

"አቦ! ይሄን ለማወቅ ነው ሁለት ዓመት የፈጀብሽ?" አለች።

"በይ አሁን ጨርሺልኝ። የእናትሽ ነጠላ ምን ሆነ?"

ሲኒዋን አስቀመጠችና ሳቅ እያለች ጀመረች። ነጠላው ለሰርጉ ተብሎ የተሠራ አዲስ ነበር። አቃቂን እንዳለፉ ፍንጣሪው በመስኮት ገብቶ ጥበቡ አጠገብ አምስት ወይም ስድስት ቦታ በሳው። እናቷ እስኪደርሱ ድረስ ቀዳዳውን ወደ ውስጥ ለመደበቅ ነጠላውን እንዲህም እንዲያም ብታደርገው እምቢ አላት። በመጨረሻ አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፣ ጥበቡን ወደ ላይ አዙሮ ማዘቅዘቅ። ነጠላ አዘቅዝቆ የሚለብስ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሐዘንተኛ ነው። መሽቷል፣ ደክሟታል፣ ፊቷ በጥቀርሻ ጠቁሯል። እንደዚያ ሆና ለገሃር ወረደች።

"አክስቴ ሙሽራዋ፣ ከነጓደኞቿ ልትቀበለን ቆማለች። እናቴን ስታያት... ወይኔ! እሪታዋን ለቀቀችው። 'ማን ሞተብኝ? አባቴ ነው?' ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ጓደኞቿም ተከተሏት። እናቴ 'ማንም አልሞተም፣ ባቡሩ ነው፣ ባቡሩ ነው!' ትላለች። እነሱ ደግሞ 'ባቡር ገጭቶት ነው!' ብለው ባሰባቸው።"

ሳቅኩ። እሷም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ስልኬ መቅጃው ላይ ነበር፣ በዚህ ጊዜ አላቋረጥኳትም።

"ነጠላውስ የት ደረሰ?" አልኳት ስትረጋጋ።

"ለመልበስ አልሆነም፣ ማን ይጥለዋል ብለሽ ነው? እናቴ አጥባ አስቀመጠችው። ስወልድ አመጣችልኝ። እናትሽን የታቀፍኳት በሱ ነው።"